ረቡዕና ዓርብ ሙሉ

ሠንጠረዥ ማስመር እወዳለሁ። መሐል ሜዳ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ስም ከላይ ወደ ታች፣ ቀን ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሬ በየሳጥኑ ምልክት ሳደርግበት ዓለም ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘ ይመስለኛል። ባልደረቦቼ በዚህ ነገሬ ይስቁብኛል። ሽሮዋን ሳይቀር በቀን ከፋፍላ ነው የምታስቀምጠው ብለው ያሙኛል። ውሸታቸውን ነው። ሽሮውን አልከፋፍልም፤ ዘይቱን ነው።

እናቴ የታመመችው ከገና ማግስት ነበር። ከአባቴ ጋር የምትኖረው ከዘመሮ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች መንደር ነው። ከደጃፏ ተነሥታ የበጎቹ ጋጣ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ መቀመጥ ጀመረች። ምነው ስንላት "ብርዱ ነው" አለች። የመንዝን ብርድ ሰባ ዓመት ስትኖርበት ምንም ሳይላት አሁን ገና ሊጥላት። አባብለን፣ ተቆጥተን፣ በመጨረሻም አስገድደን ደብረ ብርሃን ወሰድናት።

ሐኪሙ ልቧ ምቱን እየሳተ ነው አለን። ደም እየረጋ ድንገት ወደ አንጎሏ ቢሄድ ግማሽ አካሏን ይዞባት ሊሄድ ይችላል፤ ባስ ካለም እሷኑ። ደም የሚያቀጥን ክኒን ጀመረላት። ክኒኗ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ጣጣዋ ግን መከራ ነው። ብታንስ ደሙ ይረጋል፤ ብትበዛ ደግሞ የፈሰሰ ደም አልቆምም ይላል። ልኳ እስኪገኝ በየሳምንቱ እየተመላለስን ደሟን አስመረመርን። በአራተኛው ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "አሁን ተስተካክሏል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ክኒን፣ በቀሩት አምስት ቀናት ግማሽ፣ ማታ ከራት በኋላ" አለ። ሁለቱ ቀናት ጎን ለጎን አይሁኑ እንጂ የተመቻችሁን ምረጡ ብሎ ለኔ ተወው።

እኔማ እናቴን ወደ ቤቴ ላመጣት ነበር ሐሳቤ። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፤ በአቅራቢያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። በጎቿ፣ የምትፈትለው የበግ ጸጉር፣ ሌሊት የሚጮኸውን ዶሮዋን ሳይቀር ምክንያት አድርጋ ደረደረች። "ያንቺ ቤት የቆርቆሮ ጣራ ሲዘንብ ያደነቁረኛል" አለችኝ ደግሞ፤ ዝናብ የሚዘንበው በዓመት ስንት ቀን ነው? በኋላ በውል ተስማማን። መድኃኒቷ በትክክል ከተሰጣት እዚያው ትኖራለች። አንድ ቀን የተሳሳተ እንደሆነ ግን ዕቃዋን ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች። ሰጪው አባቴ እንዲሆኑ ተወሰነ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ ሰባ ካለፈኝ ወዲህ መቁጠር ትቻለሁ ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከኔ ዓይን ይሻላል፤ ዳዊታቸውን ያለ መነጽር ነው የሚደግሙት። ክኒኖቹን እዚያው የዳዊቱ ማኅደር ኪስ ውስጥ አኖሯቸው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ማኅደሩን በየቀኑ ይከፍቱታል፣ ከሳቸውም በቀር የሚነካው የለም፤ አይጥ እንኳ የሚደፍረው አይመስለኝም።

ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው። ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ሳጥን፣ "ሙሉ" እና "ግማሽ" በቀይና በሰማያዊ ቀለም። በሳምንቱ ስመለስ ሠላሳውም ሳጥን ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት።

"አባዬ፣ ገና ሰባት ቀን እኮ ነው ያለፈው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ ምንም ሳይደነግጡ። "እንደማልረሳ ስለማውቅ ነው። በየማታው እስክሪብቶ ከምፈልግ አንድ ጊዜ ልገላገለው ብዬ ጨረስኩት።"

ሁለተኛ ሠንጠረዥ አስምሬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እሱን ደግሞ እናቴ የድልህ ማሰሮዋን ከደነችበት። ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ይመቻል አለችኝ። እንግዲህ በኔ ቦታ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ በየማታው ይነግራቸዋል። እኔ ግን መምህርት ነኝ፤ ከልጅ ጋር ስውል ስለኖርኩ ነገርን አቅልሎ ማስያዝ እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ብልጭ አለልኝ። ሁለቱን ሙሉ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አደረግኳቸው። ቄስ ቀን ቢጠፋበት ጾም አይጠፋበትም!

"አባዬ፣ ሠንጠረዡን ይተዉት" አልኳቸው። "የጾም ቀን ሙሉ፣ የፍስክ ቀን ግማሽ። አለቀ።"

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያዩኝ ቀን ትዝ አይለኝም። "አሁን ገና ሰው የሚገባው ነገር ተናገርሽ" አሉ።

እንዴት እንደኮራሁ አልደብቅም። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ፈገግ አለ። ለነርሷ ነገርኳት፤ "ጎበዝ" አለችኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ በእረፍት ሰዓት ለመምህራን አወራሁ፤ ሻይ የምታፈላልንን ሴትዮ እንኳ አላስቀረሁም። ለአንድ ሰው ብቻ አልነገርኩም፤ እሱን በኋላ እደርስበታለሁ።

ነገሩ አማረ። ማታ ማታ ስደውል አባቴ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ድንጋይ ካቡ ይወጣሉ። "ሰጧት?" እላለሁ። "በሕጉ መሠረት" ይላሉ፤ እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ ነው የሚመልሱልኝ። የነነዌ ጾም መጣና ሦስት ቀን ቆይቶ ሄደ። ያን ጊዜ መንቃት ይገባኝ ነበር። አልነቃሁም። ቀጥሎ ቅበላ ሆነ፤ እሑድ ዕለት ሄጄ አዲስ ሠላሳ ክኒን ቆጥሬ ለአባቴ ሰጠሁና ተሰናብቻቸው ተመለስኩ። በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። እኔም ጾም ያዝኩ። ቁርሴን ትቼ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳምንቱን ቀናት ለልጆች እየጻፍኩ ጾመኛ መሆኔን አንድም ደቂቃ አልረሳሁም። ግን በእናቴ ክኒን ላይ ጾሙ ምን ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ልጅ የሚያስተምረው።

የፈተና ወረቀት ሳርም ሦስት ሳምንት ሳልሄድ ቀረሁ። በስልክ እናቴን እንዴት ነሽ ስላት "ደኅና ነኝ" ትላለች። እሷ ቤት ቢቃጠልም ደኅና ነኝ ነው የምትለው። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ ተሣፍሬ ዘመሮ ወረድኩና በእግሬ ገሰገስኩ።

እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እንዝርቷ ከአጠገቧ ወድቋል። የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች፤ ነጠላው ግማሹ ቀልቷል።

"ነስር ነው" አለችኝ ቀድማ። "ፀሐዩ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሁን ነው።" ነጠላውን ገልብጣ ያዘችና "ከትላንት" አለች።

ድዷን አየሁት፤ ደም ይዟል። ክንዷን ገለጥኩ፤ ጠቁሯል። ቀሚሷን ሰብሰብ ሳደርገው እንዝርት የምታሾርበት ጭኗ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ሰማያዊ ሰንበር አየሁ። ጸጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ እንዝርት ጎድቷት አያውቅም። አባቴን ተጣራሁና ክኒኑን አምጡልኝ አልኳቸው። ዳዊታቸውን ይዘው ወጡ፤ ማኅደሩን ከፍቼ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ተኩል መቅረት ሲገባው አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለው። ግማሽ የምትባል አንዲትም የለች።

"አባዬ፣ ምን እየሰጧት ነው?"

"በሕጉ መሠረት" አሉኝ።

"ግማሽ ግማሹስ የታለ?"

አባቴ አዘኑልኝ እንጂ አልተቆጡኝም። ለማይገባው ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ነገሩኝ። "ልጄ፣ ሁዳዴ ነው እኮ። ግማሹ የፍስክ አይደለም እንዴ? ፍስክ የት አለ?" ከዚያም ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም እንደ ጾም ይቆጠር ወይስ አይቆጠር ብለው ተቸግረው ነበር። ጎረቤታችን ያሉትን ቄስ አማክረው፣ ጥሉላት እስካልተበላ ድረስ ጾም ነው ተብሎ ተወስኗል። ጉባኤ አድርገውበታል ማለት ነው።

ሁለቱ ቄሶች አልተሳሳቱም፤ የሁዳዴ ጾም ሰባቱንም ቀን ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ያላለውን፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን፣ ለሻይ አፍይዋ ሳይቀር የተመጻደቅኩበትን ሕግ።

እናቴን በቅሎ ላይ አስቀምጠን ወደ ዘመሮ ተጓዝን። አባቴ ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ወገቧን እደግፋለሁ። በቅሎዋ ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። እንዳትወድቅ፣ ምንም እንዳይነካት፣ ከውስጧም የማላየው ደም እንዳይፈስ እየጸለይኩ ነው። ለአባቴ ከቤት ስንወጣ ምክንያቱን ነግሬያቸው ነበር። በመንገዱ ሁሉ የሚናገሩት ለበቅሎዋ ብቻ ነው፤ "ቀስ፣ ቀስ በይ" ይሏታል።

ከዘመሮ መሐል ሜዳ በሚኒባስ ገባን። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ደሟን አስለክታ ውጤቱን ስታይ ቅንድቧ ተነሣ። ክኒኑ ለቀናት እንዲቆም አዘዘች፤ መርፌ ወጋቻት፤ አልጋም ሰጠቻት። ነገሩ ዛሬ ማታ ይለያል አለችኝ፤ ደሙ ከቆመ ተረፈች ማለት ነው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ወደ ማታ ነስሩ ቆመ። በማግስቱ ሐኪሟ መጥታ ደሟን ደግማ አየችና ፊቷ ፈታ አለ። "የወሰዱት መድኃኒት እኮ ብዙ ነው፤ ከዚህ የባሰ ነበር የጠበቅኩት" አለቻት። "ሰሞኑን ምን ምን ይበሉ ነበር እናቴ?"

እናቴ ጣሪያውን አየች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎመን የዚህን መድኃኒት ኃይል ስለሚሰብር የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ልክ ይኑረው ብሎን ነበር። እኔ ደግሞ ለጥንቃቄ ብዬ ጭራሽ ከልክያታለሁ።

"ጎመን" አለች እናቴ።

"በሳምንት ስንት ጊዜ?"

"ጾም አይደለም እንዴ? በየቀኑ ነዋ። ከጓሮ ነው።"

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ጎመኑ ሳይረዳዎት አልቀረም" አለቻት። "ግን ይህን እኔ አልነገርኩዎትም።" እናቴ ወደኔ ዞራ ያየችኝን አስተያየት መቼም አልረሳውም። እስከ ዛሬ ድረስ ጎመን በቀረበ ቁጥር እንደዚያ ታየኛለች።

አባቴ ግን አልሳቁም። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠዋል። ማኅደሩን ከፈቱና የቀሩትን አሥራ አንድ ክኒኖች አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ። "ውሰጃቸው" አሉኝ። "ከእንግዲህ አልነካቸውም። ሃምሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ በዚህ እጄ..." አልጨረሱትም። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው፤ ደጋግሜ አልኳቸው። የሰጠኋት እኔ ነኝ አሉ። ቁም ነገር ይመስል አንዱ ካንዱ ጥፋቱን ለመንጠቅ ተሻማን። ሁለታችንም እምባችንን እየጠረግን መሆናችን ነው የባሰው።

በመጨረሻ እኔ ብድግ አልኩ። "በቃ" አልኩ፤ ክፍል ውስጥ የምናገርበት ድምፄ ነው የወጣው። "ተሳስቷል፤ ውሉ ውል ነው። እማዬ እኔ ጋ ትኖራለች። በየማታው በገዛ እጄ እሰጣታለሁ።" አባቴ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ብቻቸውን ወደዚያ ቤት ሊመለሱ መስማማታቸው ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለች እናቴ ከአልጋዋ።

ዞር አልን።

"ያ ክኒን ስንት ስንት ነው መዋጥ የነበረብኝ?"

አባቴ እኔን አዩኝ። እኔ አባቴን አየሁ።

"ማንም እኮ አልነገረኝም" አለች፤ ቁጣ የለባትም። "ግማሽ ሲሰጡኝ ግማሽ ዋጥሁ። ሁዳዴ የገባ ሰኞ ሙሉ ሲሰጡኝ አይቻለሁ። ማክሰኞም ሙሉ ነው። ምነው በዛ ብዬ ነበር በሆዴ። እንግዲህ ሐኪሙ ጨምሮልኝ ይሆናል፤ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ለሐኪሙ፣ ለነርሷ፣ ለመምህራኑና ለሻይ አፍይዋ የነገርኩትን ነገር ክኒኑን ለምትውጠው ሴት አልነገርኳትም። ስለ እሷ ከአባቴ ጋር ስመክር እሷ እዚያው ምድጃው አጠገብ የበጉን ጸጉር ትፈትል ነበር፤ አንድም ቀን ዞር ብዬ "እማዬ፣ ሰማሽ?" አላልኳትም። ፊደል አልቆጠረችም ብዬ ይሆናል። ሰኞን ከማክሰኞ የምትለይበት ጭንቅላት አላት ወይ ብዬ እንኳ ያሰብኩ አይመስለኝም። አፈርኩ። አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ክኒኗ ብታንስ ምን እንደሚያመጣ፣ ብትበዛ ምን እንደሚያመጣ፣ ለምን ደሟ እንደሚለካ። ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ አንዱን እኔም ስለማላውቀው ሐኪሟን ጠርቼ አስመለስኩላት። ከዚያ ያልኳትን ሁሉ አንድም ሳታዛንፍ መልሳ ነገረችኝ። "ረቡዕና ዓርብ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ። ይኼን ለመያዝ ነው ወረቀት ሙሉ የቀባባሽው?" አለችኝ።

ውሉ ፈረሰ። መድኃኒቷ እንደገና ልኩን ይዞ ስትወጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ልኩም እንደ በፊቱ ሆነ። አሠራሩን ያወጣችው ራሷ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴን ምላጭ ታስይዛቸዋለች፤ "አልነካም" ያሉትን እጅ በዚህ መለሰችው። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እሷ ትቆጥራለች፤ አምስት ግማሽና ሁለት ሙሉ ለይታ ትንሿ ሙዳይ ውስጥ ትጨምራለች። ቅዳሜ ማታ ሙዳዩ ባዶ ካልሆነ፣ ወይም ቀድሞ ባዶ ከሆነ፣ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ መስመር አላሰመረችም። ጎመንም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንድትበላ ከሐኪሟ ጋር ተደራድራለች፤ እኔን ሳታማክር።

ትንሣኤ ሆነ። ከትንሣኤ በኋላ ያለውን ሃምሳ ቀን ታውቁታላችሁ፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በመጀመሪያው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ደወልኩ። ልቤ አላረፈም ነበር። አባቴ ስልኩን ይዘው ካቡ ላይ ናቸው፤ እናቴም አጠገባቸው ነበረች። ሙሉ ክኒኗን ልትውጥ መሆኑን ስትናገር ከኋላ ይሰማኛል።

"ተይ፣ ተይ" ይላሉ አባቴ፤ ስልኩን ረስተውታል። "ዛሬ እኮ ፍስክ ነው።"

"ጾሙ የእርስዎ ነው" አለቻቸው እናቴ። "ረቡዕ ግን የኔ ናት።"

ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ሰማሁ።